ሲኒማ በበርበሬው መጋዘን

«እኔ ልጅ የለኝም» አሉ ሐጂ ቃይድ፣ ከደብረ ማርቆስ በርበሬ ሊገዛ ለመጣው ነጋዴ ለቢሆነኝ። «ዓይኔን የጨፈንኩ ቀን ይኼ ሱቅ ይዘጋል። አለቀ፣ ደቀቀ።» ፋጢማ ከመጋረጃው ወዲያ በጓዳው ወለል ላይ ተቀምጣ የተቀደደ ጆንያ በወስፌ ትጠቅም ነበር። እጇ ባለበት ቀረ። ቢሆነኝ ጉሮሮውን ጠረገና እንደ ሰው ወግ «ኧረ ምነው ሐጂ፣ ፋጢማን የመሰለች ልጅ እያለችልዎ!» አለ። ሐጂ ቃይድም ሚዛኑን እያስተካከሉ «ፋጢማማ ሴት ናት» አሉና ወደ በርበሬው ዋጋ ተመለሱ።

ከዳንግላ ትዳሯን ፈትታ ከተመለሰች ጀምሮ ያንን ሱቅ ጧት የምትከፍተውም ማታ የምትዘጋውም እሷ ናት። የትኛው ገበሬ በርበሬውን ውሃ አርከፍክፎ እንደሚያመጣ፣ የትኛዋ ባልቴት ላምባ የምትገዛው ለመብራት ሳይሆን ለቁርጥማቷ እንደሆነ፣ አቡጀዲው ከታች ሲነሣ ከላይ ያለው ሳሙና እንደሚናድ የምታውቀው እሷ ናት። የመጋዘኑ ቁልፍም አንገቷ ላይ ነው የሚውለው። አባቷ «ልጅ የለኝም» ሲሉ ወንድሟን ናስርን እንደሚያስቡ ይገባታል። ናስር አዲስ አበባ ጨርቅ ሊያመጣ ተልኮ ሲኒማ ቤት ገብቶ የቀረ ልጃቸው ነው። መጀመሪያ ትኬት ቆራጭ ሆነ፤ ቀጥሎ ስላያቸው ፊልሞች በዓረብኛ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ጀመረ፤ አሁን ደግሞ አዲስ በተከፈተው ቴሌቪዥን ሐሙስ ሐሙስ ማታ ተቀምጦ ስለ ፊልም ያወራል ይባላል። ቡሬ ውስጥ ቴሌቪዥን ያየ ሰው ስለሌለ ወሬውን ያመጡት የአውቶቡስ ሾፌሮች ናቸው። ሐጂ ቃይድ ግን ከልጃቸው ጋር ቃል ከተነጋገሩ ዓመታት አልፈዋል። ይኼን ሁሉ ታውቃለች። ቢሆንም መጋረጃው ስስ ነው፣ እሷም እዚያው ነበረች። ወስፌውን ጆንያው ላይ ሰክታ ተነሣች።

ቅዳሜ ነበር፤ የ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ጥር። የቡሬ ገበያ ከጧት ጀምሮ ሞልቷል። በርበሬው በየሰሌኑ ላይ ተዘርግቶ መንገዱ ሁሉ ቀልቷል፤ ከሽንዲ የመጡ አህዮች ሱቁ ደጃፍ ድረስ ተደርድረዋል። በዚህ መሀል አንድ ላንድሮቨር ጥሩንባውን እየነፋ ሕዝቡን ገምሶ መጣና ሱቁ ፊት ቆመ። ከፊት ቀጭን ከረባት ያሰረ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ወረደ። ፋጢማ ያወቀችው ሲያስነጥስ ነው፤ ናስር ከሕፃንነቱ ጀምሮ በርበሬ አይስማማውም ነበር። ሮጣ አቀፈችው፤ ሽቶው ከሱቁ ሽታ ጋር ተጣላባት። ሾፌሩ ደግሞ ላቀው የሚባል ቴክኒሻን ነው፣ ከወረደ ጀምሮ ሣጥኖቹን ማንም እንዳይነካበት እጁን ዘርግቶ ዘብ ቆመ።

ናስር መነጽሩን አውልቆ ወደ ባንኮኒው ሄደና የአባቱን እጅ ሊስም ጎንበስ አለ። ሐጂ ቃይድ እጃቸውን አልነፈጉትም፤ ዓይናቸውን ግን ከሚዛኑ ላይ አላነሡም። «ፋጢማ» አሉ፣ «እንግዳው ምን ሊገዛ እንደመጣ ጠይቂው።»

«ሊገዛ አይደለም አባ» አለች። «ናስር ነው።»

«ጠይቂው አልኩሽ እኮ።»

ስለዚህ ሦስቱም በአንድ ክንድ ርቀት ቆመው በፋጢማ በኩል መነጋገር ጀመሩ። ናስር ለእሷ ይነግራታል፤ አባትየው እየሰሙት እሷ እስክትደግመው ይጠብቃሉ። ላንድሮቨሩ ውስጥ የሲኒማ ማሳያ፣ ጄኔሬተርና አንድ የግብፅ ፊልም አለ። ናስር ሲኒማ አይተው የማያውቁ ሰዎች ፊልም ሲያዩ የሚሉትን በድምፅ መቅረጫ ቀርጾ ለሐሙስ ዝግጅቱ ሊያውለው ነው። ትናንት ፍኖተ ሰላም ላይ ሞክሮ ነበር፤ የተሰጠው አዳራሽ መስኮቱ ብዙ ስለነበር ፀሐዩ ሥዕሉን ዋጠው፣ ሰዉም ነጭ ጨርቅ ሲያወራ ሰምቶ እየሳቀ ወጣ። ማታ እንዳያሳይ ገበያተኛ ሳይመሽ ይበተናል። ቡሬ ውስጥ መስኮት የሌለው ሰፊ ቤት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የሐጂ ቃይድ መጋዘን።

«መጋዘኑ የበርበሬ ነው በይው» አሉ ሐጂ። ቀጥለውም «ለመሆኑ ይኼ ሰው ሥራው ምንድን ነው? ምን ይሸጣል?»

«ፊልም ያይና ጥሩውን ጥሩ፣ መጥፎውን መጥፎ ነው ይላል አባ።»

«ለዚህ ደመወዝ ይከፍሉታል?»

«ይከፍሉታል።»

«ሞኞች ናቸው በይው።»

ቢሆነኝ ሳቁን በጋቢው ውስጥ ደበቀ። ናስር ፊቱ ቀላ፤ ፋጢማን በክንዷ ይዞ ወደ ጓዳ አስገባትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እታለም፣ ሞኞቹም ሊነቁ ነው» አላት። አለቃው ጠርቶት ንግግርህ ከሰው ራስ በላይ ነው የሚሄደው፣ ቤቱ ተቀምጦ የሚያይህ ሰው ያዛጋል ብሎታል። ሕይወት ያለው ነገር ይዞ ካልመጣ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ሐሙስ ማታ ለሌላ ሰው ይሰጣል። «ሌላ ሥራ አላውቅም» አለ ናስር። «ጨርቅ መሸጥ እንኳ ረስቻለሁ።» ፋጢማ ጆንያው ላይ የተሰካውን ወስፌ አየችው። ከዚያ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

ሐጂ ቃይድ ወደ መስጊድ ሊሄዱ ከዘራቸውን እያነሡ ነበር። «አባ፣ መጋዘኑን ልከፍተው ነው» አለቻቸው።

«ማን ፈቅዶልሽ?»

«ልጅ የለኝም ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። «ፈቃድ የሚጠይቀው ልጅ ነው።»

ቢሆነኝ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ሐጂ ቃይድ ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ቀጭ አድርገው ወጥተው ሄዱ። ፋጢማን ምን እንደሆነ ያላወቀችው ደስታ ያዛት። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ወደ መጋዘኑ ሮጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በጥድፊያ ሆነ። ተሸካሚዎችን ጠርታ የበርበሬውን ጆንያ ወደ ግድግዳው አስጠጋች፤ ከኋላ ከፍ፣ ወደ ፊት ዝቅ እያለ ሲደረደር ጆንያው ራሱ መቀመጫ ሆነ። በቆርቆሮው ስንጥቅ የሚገባውን ብርሃን በአሮጌ ቁርበትና በቡትቶ ወተፈችው። ከሱቁ አዲስ ጣቃ አቡጀዲ አውጥታ ሳትለካ ቀደደችና ከማገር ማገር ወጠረችው። ላቀው ጄኔሬተሩን በጓሮ አቁሞ ገመዱን ሲያነሣ አንድ በቅሎ ደንብራ የጎመን ሻጮቹን ሰሌን ረጋግጣ አለፈች። ወሬውን ያዳረሱት ከመንገዱ ማዶ ጠላ የሚሸጡት ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ናቸው። «የሐጂ ልጅ ሰውን በጨርቅ ላይ ሊያናግር ነው! በነፃ ነው፣ በነፃ!» እያሉ ከጠላ ቤታቸው በር እስከ ከብት ተራው ሄዱ። ገበያው ገና እንደሞላ ሰዉ ዕቃውን ለጎረቤት አደራ እያለ ጎረፈ፤ ጎረቤቱም ዕቃውን ለሌላ አደራ ብሎ ተከተለ። በር ሲዘጋ መጋዘኑ ውስጥ የሰው ትንፋሽ፣ የቅቤና የቆዳ ሽታ ታፍኖ ጨለማው ራሱ የሚዳሰስ መሰለ። የበርበሬው ብናኝ ደግሞ ተነሥቷል፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ሳይል እሱም ያስነጥሳል።

ናስር ማይክራፎኑን ይዞ ከጨርቁ አጠገብ ቆመ። «የተከበራችሁ ተመልካቾች» አለ፣ ሐሙስ ሐሙስ በሚናገርበት ድምፅ፤ «ይህ የጥበብ ሥራ በአንድ ልብስ ተኳሽ ወጣትና በአንድ መሐንዲስ ፍቅር አማካይነት የዘመናዊውን ኅብረተሰብ ቅራኔ በብርሃንና በጥላ የሚያንጸባርቅ ነው።» ከማስነጠስ በቀር መልስ የለም። መብራቱ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ግን መጋዘኑ በአንድ አፍ «ውይ!» አለ። ካይሮ ቡሬ ገባች፤ መኪናው፣ ፎቁ፣ ሰፊው ወንዝ፣ ካውያ ይዛ ሸሚዝ የምትተኩስ ቆንጆ ልጅ። ሰሚራ ትባላለች። ከፊት የተቀመጡት እንፋሎቱ እንዳያቃጥላቸው ወደ ኋላ ሸሹ። ፋጢማ በሩ አጠገብ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነበር።

ችግሩ የመጣው ሰዎቹ መናገር ሲጀምሩ ነው። ንግግሩ ዓረብኛ ነው። ናስር ብዙ ይሰማና ጥቂት ይተረጉማል። ልጅቷ ፊቷን ሸፍና ስታለቅስ «ገጸ ባሕርይዋ በጥልቅ ሐዘን ውስጥ ትገኛለች» አለ።

«ማልቀሷንማ እያየነው ነው!» አለ አንድ ገበሬ ከኋላ። «ምን አለች ነው የምንልህ!»

ናስር ላብ አጠመቀው። ፍጥነት ጨመረ፤ ሲፈጥን ደግሞ የሚመጡለት ቃላት የባሰ የመጽሐፍ ሆኑ። መሐል ላይ የነበሩ ሰዎች ተነሡ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር የቀኑ ብርሃን ገብቶ ጨርቁን ያነጣዋል፣ ካይሮም ትጠፋለች። ላቀው በድምፅ መቅረጫው ላይ አጎንብሶ ራሱን ነቀነቀ። እስካሁን የቀረጸው ማስነጠስ ብቻ ነበር።

በሩ እንደገና ሲከፈት የገቡት ሐጂ ቃይድ ናቸው። ከዘራቸውን በግማሽ አንሥተዋል፤ ሊበትኑት እንደመጡ ፊታቸው ይናገራል። ፋጢማ መንገዳቸው ላይ ገብታ ቆመች። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከጨርቁ ላይ አንዲት አሮጊት በዓረብኛ ተናገረች። የመሐንዲሱ እናት ናት፤ ሰሚራ ቤት መጥታ ከቦርሳዋ የወርቅ አምባር ታወጣለች። ሐጂ ቃይድ በልጅነታቸው ከየመን ባሕር ተሻግረው ከመጡ ወዲህ፣ ሚስታቸውም የዚህ አገር ሰው ስለነበሩ፣ የሴት ልጅ ዓረብኛ በዚያ ለዛ ሰምተው አያውቁም። ከዘራቸው ቀስ ብሎ ወረደ። አሮጊቷ አምባሩን ዘረጋች፤ ሰሚራ እጇን ልትሰድ ሆነ።

«እንዳትቀበዪ» አሉ ሐጂ ቃይድ፣ ለራሳቸው ያህል። ቀጥሎ ጮክ ብለው «እንዳትቀበዪ አንቺ ልጅ!»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። «ምን አለቻት ሐጂ? ምን አለቻት?»

«‹ልጄ፣ እንደ ሴት ልጄ ስለማይሽ ነው ይኼን ወርቅ የሰጠሁሽ› አለቻት። ውሸቷን ነው! እጇን እዩት፣ እጇን! ልጁን የሚወድ ሰው እንዲህ በሁለት ጣት ነው የሚሰጥ? ልጄን ተዪልኝ ማለቷ ነው። ወርቁም ወርቅ አይደለም፤ ወርቅ እንዲህ አይቅለበለብም!»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ሊወጡ የነበሩት ተመለሱ፤ በሩን ማን እንደዘጋው አልታወቀም። ሐጂ ቃይድ ጆንያ ለጆንያ እየተረማመዱ ወደ ፊት ሄዱና ጨርቁ ፊት ቆሙ፤ አምባሩ በጥምጥማቸው ላይ በራ። «ዝቅ ይበሉ ሐጂ! ዝቅ ይበሉ!» ተባሉ። ቁጭ አሉ፣ ግን አላረፉም። አሮጊቷ ስትናገር ድምፃቸውን እንደ አሮጊት ያሰልላሉ፤ መሐንዲሱ ሲምል «ሦስተኛው መሐላው ነው፣ ቁጠሩለት» ይላሉ፤ የልጅቷን አጎት እንዳዩት «ይኼ ሰው ይሸጣታል፣ ዓይኑን አልወደድኩትም» ብለው ገና ሳይናገር አጋለጡት፤ እውነትም ሸጣት። ሰዉ አጎትየውን ሊደበድብ ደረሰ። ናስር መጀመሪያ ደንግጦ ቆሞ ነበር። ከዚያ ከረባቱን ፈታ፣ ማይክራፎኑን ይዞ በአባቱ እግር ሥር ተንበረከከና ወደ አፋቸው አስጠጋው። ላቀው አውራ ጣቱን አሳየው፤ ፊቱ በሙሉ ጥርስ ሆኗል።

ሰሚራ አምባሩን መልሳ በሩን ስትዘጋ ሐጂ ቃይድ «‹አንቺ እናቴ ብትሆኚ ኖሮ ስሜን እቀይር ነበር› አለቻት!» ብለው ጮኹ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ናስር ሳቁ አምልጦት «አባ፣ እንዲህ እኮ አላለችም» አለ።

«ያለችውን መች አጣሁት? ማለት የነበረባትን ነው የነገርኳቸው። አንተ ማይክራፎኑን ያዝ!»

ፋጢማ ሰማች። ለዓመታት ያልተነጋገሩት ሁለቱ ሰዎች መነጋገራቸውን ራሳቸው አላወቁትም፤ አባትየው ዓይናቸው ጨርቁ ላይ ነው፣ ልጅየው ዓይኑ አባቱ ላይ። ለማንም አልተናገረችም። ብናኙ ዓይኗን ያቃጠላት መስላ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

ላቀው የፊልሙን ሁለተኛ ጥቅል እስኪተካ ጨለማ ሆነ። ማንም አልተነሣም። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ፋጢማን ጎትተው አጠገባቸው ጆንያ ላይ አስቀመጧት። «ያቺ አሮጊት የኔን አማት ቁርጥ!» አሉ። «እንዲያው ያ አምባር እንኳ ቁርጥ የሷ።» ከጎናቸው የተቀመጠችው በርበሬ ሻጭ ደግሞ ልጅቷ በምትተኩስበት ቤት ስንት ይከፈላት እንደሆነ ትጠይቃለች፤ አንዱ ገበሬ ለሌላው ያ ወንዝ የኛው ዓባይ ነው እያለ ይምላል። «ሰከላ ላይ እዘለዋለሁ እኮ፣ እዚያ ሄዶ እንዲህ ይወፍር!»

መብራቱ ተመልሶ በራ። ባቡር ጣቢያ ነው። ሰሚራ ሻንጣዋን ይዛ እስክንድርያ ልትሄድ ነው፤ እዚያ የራሷ የልብስ መተኮሻ ቤት ልትከፍት ቁልፍ ተቀብላለች። መሐንዲሱ እየሮጠ መጣ፤ እናቴ እሺ ብላለች፣ ተመለሺ ይላታል። ሰሚራ መለሰችለት።

«‹እሺ፣ ግን በመጀመሪያ እናትህ መጥታ ይቅርታ ትጠይቀኝ› አለችው» አሉ ሐጂ ቃይድ፣ ደስ እያላቸው።

ፋጢማ ከአባቷ ጋር ሱቅ ውስጥ ስታድግ የለመደችው ዓረብኛ አላት። ብድግ አለች። «አላለችም! ‹ባቡሩ አይጠብቀኝም› ነው ያለችው!»

ሐጂ ቃይድ ዞረው በጨለማው ውስጥ ፈለጓት። «ዝም በይ ልጄ፣ ሰው ሊታረቅ ነው!»

«መታረቅ ባትፈልግስ?»

«ጫማውን እዪ! ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ ከቤቱ እስከዚህ ሮጦ ነው የመጣ!»

«መሮጡንስ ሮጧል፤ ምን ይዞ መጣ?» አለች ፋጢማ። «እሷ የተኮሰችለትን ሸሚዝ ለብሶ ነው የመጣው። ወርቁ ሲመጣ የት ነበር? አጎትዋ ሲሸጣት የት ነበር? አሁን የቤቷን ቁልፍ በእጇ ስትይዝ ተመለሺ ይላል። ትሂድ!»

«ትሂድ!» አሉ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ።

«ትሂድ! ትሂድ!» ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሉ። ወንዶቹ ከወዲያ «ትመለስ! ልጁ ተጎድቷል!» አሉ፤ ጥቂት ወንዶች ከሴቶቹ ጎን ሲቆሙ «ከዳተኞች!» ተባሉ። ቢሆነኝ ጆንያ ላይ ወጥቶ «ፋጢማ እውነቷን ነው!» ብሎ ሲጮህ ሚዛኑን ስቶ በርበሬ ውስጥ ተቀመጠ። ናስር ማይክራፎኑን ይዞ ከአባቱ ወደ እህቱ፣ ከእህቱ ወደ አባቱ በአራት እግሩ ሊባል በሚችል ሁኔታ ይሮጣል፤ ገመዱ የሰው እግር ይጠልፋል፤ ያስነጥሳል፣ ይስቃል። ባቡሩ ፉጨቱን ሲያሰማ ሁሉም ዝም አለ። ሰሚራ ተሳፈረች። በመስኮቱ በኩል ፊቷ ለአንዲት ቅጽበት ታየና ባቡሩ ይዟት ሄደ። ፊልሙ እዚያ ላይ አለቀ።

«አለቀሰች» አሉ ሐጂ ቃይድ።

«ሳቀች» አለች ፋጢማ።

«ድገመው!» አለ ሕዝቡ። ላቀው ጥቅሉን ወደ ኋላ አዙሮ መጨረሻውን ደገመው። ግማሹ አለቀሰች፣ ግማሹ ሳቀች አለ። «ድገመው!» አሁንም ደገመው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ፊልሙ ይበጠሳል ብሎ እምቢ አለ። ሰዉ እየተሟገተ ወጣ። በደጅ ዓይን የሚያጥበረብር ፀሐይ ነበር፤ ሁሉም ዓይኑ ከበርበሬው ብዛት ደም መስሏል። ፋጢማ በሩ ላይ ቆማ ስታዳምጥ የሽንዲን መንገድ ከያዙት ባለ አህዮችም፣ ከጎመን ሻጮቹም፣ ከጠላ ቤቱም የሚሰማው ያው ሁለቱ ቃል ብቻ ነበር።

ናስር የድምፅ መቅረጫውን ሣጥን በሁለት እጁ አቅፎ መጣ። ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቷል፣ ጸጉሩ ቀይ አቧራ ለብሷል። «እታለም፣ ሐሙስ አዲስ አበባ ነይልኝ» አላት። «ይኼንን ካሰማሁ በኋላ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። አሁን እንዳደረግሽው ነው የምታደርጊው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ፋጢማ አዲስ አበባን አይታ አታውቅም። ዓይኗን ወደ አባቷ አልመለሰችም። «እመጣለሁ» አለች።

ሐጂ ቃይድ ጥምጥማቸውን ፈትተው ብናኙን ያራግፉ ነበር። «ብቻዋንማ አትሄድም» አሉ። ናስር ሊከራከር አፉን ሲከፍት እጃቸውን አነሡበት። «ብቻዋን ከተናገረች አገሩን ሁሉ ታሳስታለች። ልጅቷ አልቅሳለች።»

«ስቃለች፣ አባ» አለች ፋጢማ።

«አልቅሳለች!» ጥምጥማቸውን ጠቅልለው ጨረሱና ወደ ልጃቸው ወደ ናስር ዞሩ። «ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው?»

«ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አባ።»

«ጥሩ» አሉ። «መግሪብን ሰግጄ እደርሳለሁ።»